ነጭ ስትሰፋ

«ዕንቁ የሚመስለውን ነው ያልኩሽ። ይሄ የፒጃማ ቁልፍ ነው!»

እናቷ ስፒል በከንፈሯ ነክሳ ነው የምትናገረው። ስትቆጣም፣ ስትስቅም፣ ዋጋ ስትነጋገርም ስፒሎቹ ከአፏ አይወጡም።

ፍንጭት እጇን እንደገና ቆርቆሮው ውስጥ ከተተች። የብስኩት ቆርቆሮ ነው። ብስኩቱን ማን እንደበላው የሚያስታውስ የለም፤ ቤቱ የቁልፍ ከሆነ ቆይቷል። ጥቁር፣ ቡኒ፣ ወርቃማ፣ የካፖርት፣ የሕፃን ልብስ። ከሥር አንድ ሮዝ ነገር ጣቷ ላይ ተጣበቀ። አገላበጠችው። ቀዳዳ የለውም። መሃሉ ላይ መስመር አለው።

ቁልፍ አይደለም።

ደግማ ከተተች። ሌላ ሮዝ። ሌላም።

«አገኘሽው?» አለች እናቷ።

«እማዬ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

ማሽኑ ቆመ። እናቷ ስፒሎቹን ከአፏ አውጥታ አንድ በአንድ መሰኪያው ላይ ሰካች። ጊዜ ስትፈልግ እንዲህ ነው የምታደርገው።

ክኒኑን ፍንጭት በደንብ ታውቀዋለች። በየማታው ከውሃ ጋር በእጇ የምትሰጣት እሷ ናት። እናቷ ልጅ ሳለች ጉሮሮዋን ታማ ነበር፤ ሳይታከም ቀረና በሽታው ልቧ ላይ ወረደ። ሁለት የልብ ቫልቮቿ አንዱ አልዘጋ፣ ሌላው አልከፈት ሲሉ፣ ባለፈው ክረምት ሐኪሞቹ ደረቷን ከፍተው ሁለቱንም በአንዴ ቀየሯቸው። በብረት። ብረት ላይ ደም መርጋት ይወዳል። ሮዟ ክኒን ደሙን አቅጥና እንዳይረጋ ታደርጋለች። በቀን አንዴ፣ ዕድሜ ልክ።

«ነጭ ስሰፋ ብቻ ነው» አለች እናቷ።

«ምን?»

«ነጭ ስሰፋ አልውጠውም። ጥቁር ስሰፋ እውጠዋለሁ። ቡኒ ስሰፋም እውጠዋለሁ። ዩኒፎርም ስሰፋማ ሁለት ብትሰጪኝም እውጣለሁ።»

«እኔ በእጄ እየሰጠሁሽ! ውሃ እየጠጣሽበት!»

«ከምላስ ሥር ቦታ አለ።» ፈገግ ለማለት ሞከረች። ፍንጭት ፈገግ አላለችላትም።

እናቷ የግራ እጇን ዘረጋች። ሌባ ጣቷ ጫፍ ላይ ትንንሽ ጥቁር ነጥቦች አሉ። «እይ። መርፌ የማይወጋው ልብስ ሰፊ የለም። ድሮ ሲወጋኝ ጣቴን መጠጥ አድርጌ እቀጥላለሁ። አሁን መች ይቆማል? ቧንቧ ሆኛለሁ። ያለፈችው ሙሽራ እጅጌ ላይ አንዲት ጠብታ ወደቀች። አንዲት! ሙሉውን እጅጌ ፈትቼ እንደገና ሠራሁት። ይሄኛው ደግሞ ከላይ እስከ ታች የእጅ ሥራ ነው።»

ቬሎው ከበሩ ጀርባ ተሰቅሏል። ነጭ፣ ረጅም፣ ጭንቅላት የሌለው ሰው ይመስላል።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ቬሎው ከመጣ ጀምሮ።»

ቬሎው የመጣው የፊዚክስ ፈተና ሰሞን ነው። ፍንጭት ቀኑን መቁጠር ጀመረች። ተወችው።

«ሲስተር ሐኪም ቤት ምን አለችሽ? አንድ ቀን እንኳን…»

«ሲስተር የምትወጋው ሰው ነው። እኔ የምወጋው ራሴን ነው።»

«ለጋሼ ነው የምነግረው።»

ቀልዱ እዚያ ላይ አለቀ። «ለእሱ ከነገርሽው ማሽኑን ይሸጠዋል» አለች እናቷ። «ታውቂዋለሽ።»

ታውቀዋለች። ጋሼ ታላቅ ወንድሟ ነው፣ የጭነት መኪና ሹፌር። እናታቸው የታመመች ጊዜ ትምህርቱን ጥሎ መሪ ጨበጠ። ከኦፕራሲዮኑ በኋላ «ከእንግዲህ መርፌ አትነኪም» አላት። ተኮራረፉ። መጨረሻ ላይ ተወላት፣ ግን ማሽኑን በጣቱ እያሳየ፦ «አንዲት ነገር ብሰማ ይሄን ጭኜው ነው የምሄደው» ብሎ ነው። ጋሼ እሸጣለሁ ካለ ይሸጣል።

«ስሚ» አለች እናቷ። «ይሄ ማሽን ከሌለ እኔ አልጋ ላይ የተቀመጥኩ በሽተኛ ነኝ። ሰው ሲመጣ ‹እንዴት ዋለች› ብሎ አንቺን የሚጠይቅሽ። አልሆንም። ገባሽ?»

ገባት። ችግሩ እሱ ነው።

«እሺ» አለች። «አልነግረውም። ግን ከዛሬ ጀምሮ ትውጫለሽ። አፍሽን ከፍተሽ፣ ምላስሽን አንስተሽ ታሳዪኛለሽ። የቀረውን የእጅ ሥራ ደግሞ እኔ እሰፋለሁ።»

«አንቺ?» እናቷ ከልቧ ሳቀች። «የአንቺን ስፌት ሙሽሪት ካየችው ሰርጉን ትሰርዛለች።»

«ገበሩን እሰፋለሁ። ገበር ማን ያያል?»

ተስማሙ። ማታ እናቷ ዋጠች፣ አፏን ከፈተች፣ ምላሷን አነሳች። «ጥርሴንም ልቁጠርልሽ?» አለች። ከዚያ፦ «እነዚያን ሽንት ቤት ጣያቸው።»

ፍንጭት ልትጥላቸው ተነሳች። መንገድ ላይ እጇ እምቢ አላት። ለምን እንደሆነ አላወቀችም። ቆርቆሮው ሥር መልሳ ቀበረቻቸው፤ ላያቸው ላይ የካፖርት ቁልፎቹን ከመረችባቸው።

በማግስቱ ክፍል ውስጥ ተቀምጣ ሰው ትቀንስ ጀመር።

ይሄ የቆየ አመል ነው። ከኦፕራሲዮኑ በፊት ስልኳ ላይ አንብባ ነበር። ማንበብ አልነበረባትም። ሁለት ቫልቭ በአንዴ ከተቀየረላቸው መቶ ሰዎች ከአምስት ዓመት በኋላ ስንቱ፣ ከአሥር ዓመት በኋላ ስንቱ በሕይወት እንደሚኖር ይናገራል። አንዱ ገጽ አንድ ቁጥር ይላል፣ ሌላው ሌላ። ከአንድ ቫልቭ ሁለት ይከብዳል። እዚህ ላይ ሁሉም ተስማምተዋል። ከዚያ ወዲህ ሰው የተሰበሰበበት ቦታ ስትደርስ የሚሞተውን ትቀንሳለች። የኋላውን ረድፍ ለአምስት ዓመት። የመስኮቱን ረድፍ ለአሥር።

አንዴ ሲስተርን ጠይቃታለች። ሲስተር የልብ ክትትል ክፍሉ ነርስ ናት፤ ከትከሻዋ ሰፋ ያለች፣ የምትራመደው ሁሌ እንደዘገየ ሰው ነው። «ከመቶ ስንት ይተርፋል?» አለቻት።

«አንቺ ስንት እናት አለሽ?»

«አንድ።»

«እንግዲያው የመቶውን ለእኛ ተይልን። አንቺ አንዷን ጠብቂ። ክኒኑን ታስውጫታለሽ፣ ድምፁን ታዳምጫለሽ። ድምፁ ከተለወጠ ወይ ትንፋሽ ካጠራት ይዘሻት ትመጫለሽ። ነገ አይደለም፣ ያኔውኑ።»

መልሱ አሪፍ ነበር። ፍርሃቱን ግን ንክች አላደረገውም።

«ምን ታፈጥጫለሽ? የኋላውን ልጅ ወደድሽው እንዴ?»

ሬዲዮ ናት፣ ጓደኛዋ። ስሟን ያወጡላት የሒሳብ አስተማሪው ናቸው፤ «ይቺን ሬዲዮ ዝጉልኝ» ካሉ ወዲህ በሌላ ስም የጠራት የለም።

«ሞቷል» አለች ፍንጭት።

«እ?»

ፍንጭት ነገረቻት። የረድፉን፣ የክኒኑን፣ የቬሎውን። ስትጀምር ትንሽ ልትናገር ነበር፤ ሁሉም ተያይዞ ወጣ።

ሬዲዮ ረድፎቹን በዓይኗ ቆጠረች። «እና እኔስ?» አለች በኋላ።

«የመስኮቱ ረድፍ ላይ ነሽ።»

«ኧረ ወዲያ! ወንበር እቀይራለሁ!» ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ለሲስተሯ ንገሪያት።»

«ለጋሼ ትነግረዋለች።»

«ትንገረው! ማሽን ይሸጥ። ማሽን እኮ ይገዛል።»

«አንቺ አታውቂም። እማዬ ያለ ማሽኑ…» ምን እንደምትል ጠፋት። «ደግሞ ትናንት ውጣለች። አይቻለሁ። ነገ ቬሎው ይወጣል፣ አለቀ።»

«እሺ።»

«ለማንም እንዳትተነፍሺ።»

«ባትሪዬን አወጣሁት» አለች ሬዲዮ። አልሳቀችም ግን።

ፍንጭት ቤት ስትደርስ የማሽኑ ድምፅ የለም።

እናቷ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠች ግድግዳውን ተደግፋለች። ቀን ተኝታ አታውቅም። «ካውያውን ላምጣ ብዬ…» አለች። ካውያው ያለው ጓዳ ነው። ጓዳው ደግሞ እዚያው ነው፣ እጅ ቢዘረጉ የሚደረስበት። ትንፋሿ ግን ፎቅ እንደወጣ ሰው ነው።

«አመመሽ?»

«ደከመኝ። ሙሽሪት ስትደውል ነው የዋለችው። ቁልፎቹ ብቻ ቀርተዋል በያት። ያቺን ውሃ አቀብይኝ።»

ፍንጭት ውሃውን ሰጠቻት፤ ሰጥታም አልሄደችም። አጠገቧ ቁጢጥ ብላ አዳመጠች።

ከኦፕራሲዮኑ ወዲህ እናቷ እንደ ሰዓት ድምፅ ታሰማለች። ጸጥ ያለ ክፍል ውስጥ ከሆነች ልቧ ለሁሉም ይሰማል። ጠቅ፣ ጠቅ። ሁለቱ ብረቶች ተራ በተራ ሲዘጉ ነው። አፏን ስትከፍት ይብሳል። መጀመሪያ ሰሞን ፍንጭት እንቅልፍ አልወስዳት ብሎ ነበር። ከዚያ ደግሞ ካልሰማችው የማትተኛ ሆነች። ሁለቱን ለይታ ታውቃቸዋለች፦ አንዱ ወፈር ያለ፣ ተከታዩ ቀጠን ብሎ ጥርት ያለ፣ ምላስ ከላንቃ ጋር እንደሚጮኸው።

አሁን ቀጭኑ አለ። ወፍራሙ ግን ፎጣ የጠቀለሉበት ይመስላል።

«እማዬ፣ አፍሽን ክፈቺ።»

«ክኒኑ ማታ ነው።»

«ክፈቺው።»

ከፈተችው። ፎጣው አልተነሳም።

«ድምፁ ተለውጧል።»

«ጆሮሽ ነው የተለወጠው። በይ ቁልፎቹን…»

ስልኩ ጠራ። ጋሼ ነው። እናቷ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ ዓይኗን አፈጠጠችባት፤ ከዚያ ተቀበለችና በደህና ድምፅ «አቤት የኔ ጌታ!» አለች። እንዴት እንደምትችልበት። ፍንጭት ፈራቻት።

«እንዴት ናችሁ?» ድምፁ ከስልኩ ወጥቶ ክፍሉን ሞላው። ጋሼ ሞተሩ ባይኖርም ከሞተር በላይ ነው የሚጮኸው። «ፍንጭቷስ? ጥርሷ ገጠመ?»

«አለች። ሰላም ትልሃለች።»

«በሉ ሰዓቴን አሰሙኝ።»

ይሄ ደንባቸው ነው። በደወለ ቁጥር ስልኩን ደረቷ ላይ ያደርጉለታል። ያዳምጥና «ልክ ነው፣ ዘጠኝ ተኩል» ይላል፣ ሰዓቱ ምንም ይሁን ምን። ከዚያ ይስቃል። ከዚያ ይዘጋል።

እናቷ ስልኩን ደረቷ ላይ አደረገች።

«አሰሙኝ እንጂ» አለ ጋሼ።

«እያሰማንህ ነው።»

«የለም። እጅሽን አንሺ። አይሰማም።»

«ኔትወርኩ ነው» አለች እናቷ። «እዚህ ሰፈር ኔትወርክ…»

«እ። ይሆናል።» ዛሬ ስንት ሰዓት እንደሆነ አልተናገረም። «በሉ ከተማ ስገባ እደውላለሁ።»

ስልኩ ተዘጋ። እናትና ልጅ ተያዩ።

«ኔትወርኩ ነው» አለች እናቷ፣ ቀስ ብላ።

ፍንጭት ተነስታ ጫማዋን አደረገች። ማሰሪያው ሁለቴ አመለጣት። «ተነሺ። ሲስተር ጋ ነው የምንሄደው።»

«ሰኞ ቀጠሮ አለኝ።»

«አሁን ነው።»

«ሙሽሪት ነገ በጠዋት ትመጣለች! ቁልፍ የሌለው ቬሎ ልስጣት? በስፒል ተያይዛ ትዳር?»

«ይዘነው እንሄዳለን» አለች ፍንጭት። ከየት እንደመጣላት እንጃ። «ወረፋ ስንጠብቅ ቁልፉን እንተክላለን። ቬሎውንም፣ ክሩንም፣ ቁልፉንም እይዘዋለሁ። አንቺ ምንም አትያዢ።»

እናቷ አሰበችበት። መርፌ እስካለ ድረስ የትም ትሄዳለች። «ንጹሕ አንሶላ ጠቅልዪበት» አለች።

ፍንጭት ለሬዲዮ ደወለች። የሬዲዮ አባት ባለታክሲ ናቸው። «ባትሪሽን መልሺው» አለቻት። «አባትሽን ጥሪልኝ።»

መኪናው ውስጥ ቬሎው እንደ ሦስተኛ ሰው መሃላቸው ተቀመጠ። ባለታክሲው በመስታወት አይተው «ሙሽራዋ ማናችሁ ናችሁ?» አሉ። እናቷ ልትስቅ ስትል ሳሏ መጣ። ከዚያ በኋላ ምንም አልጠየቁም። ፈጥነው ነዱ።

በጉዞው ሙሉ ፍንጭት በአንሶላው በኩል የእናቷን እጅ ይዛ አዳመጠች። የመኪናው ሞተር ይሸፍንባታል። ሞተሩን ጠላችው። መብራት ይዟቸው ሲቆሙ ይሰማታል፤ አረንጓዴ ሲበራ ይጠፋባታል። አንድ ጊዜ መብራቱ ባይለቅ ብላ ተመኘች። ወዲያው ደነገጠች፣ ምኞቷን መለሰችው።

ሲስተር ኮት ለብሳ፣ ቦርሳ አንግታ ልትወጣ ስትል ነው የደረሱባት። እናቷን ከበሩ ሆና አንዴ አየቻት። ቦርሳውን አወረደች።

ወረፋ የሚባል ነገር አልነበረም።

አልጋው ጫፍ አስቀምጣት ማዳመጫውን ደረቷ ላይ አደረገች። አዳመጠች። ቦታ ቀየረች። እንደገና አዳመጠች። ኮቷን እንኳን አላወለቀችም። በሩን ከፍታ ለሆነ ሰው «ዶክተርን ጥሩልኝ፣ ልብ የሚያየውን የኢኮ ማሽንም አምጡ» ብላ ጮኸች። ሌላ ነርስ ገብታ ደም ቀድታ ወጣች። መርፌው በተወጋበት ቦታ ደሙ ቶሎ ቆመ። ፍንጭት አየችው። ክኒኑን ስትውጥ ጥጥ ተይዞ ብዙ ይጠበቅ ነበር።

«እናቴ፣ ክኒኑን እየወሰዱ ነው?» አለች ሲስተር።

«እወስዳለሁ።»

«ሳያቋርጡ?»

«ትናንት ማታም ወስጃለሁ። ይቻት ልጄ፣ በእጇ ነው የሰጠችኝ። አይደል?»

«አይደል» ስትል አየቻት። ፍንጭት ያንን አስተያየት ታውቀዋለች። ማሽኑን ልታሸጪብኝ ነው? የሚል ነው።

ሲስተር ወደ ፍንጭት ዞረች። «በደንብ ስሙኝ። አንደኛው ቫልቭ በደንብ እየከፈተ አይመስለኝም። ደም ረግቶበት ሊሆን ይችላል። መድኃኒቱን በደንብ እየወሰዱ ከሆነ የረጋው ሕክምናው ሌላ ነው። አቋርጠው ከሆነ ሌላ ነው። የደሙ ውጤት እስኪመጣ ቆመን መጠበቅ አንችልም። ዶክተር ሲገባ እርግጡን ልንገረው። ትወስዳለች?»

ፍንጭት አፏን ከፈተች።

«አዎ» ብትል ውሸት እንኳን አይሆንም። ትናንት ማታ ወስዳለች። በእጇ ነው የሰጠቻት። ምላሷን አንስታ አይታለች። አንድ ቃል ነው። ማሽኑ ቦታው ላይ ይቀመጣል፣ ጋሼ አይሰማም፣ እናቷ እናቷን ትሆናለች።

ክፍሉ ጸጥ ብሏል። ሞተር የለም። ጠቅ። ከዚያ ያ ፎጣ የተጠቀለለበት። ጠቅ። ፎጣው።

አንሶላውን ፈታች። ከቬሎው እጥፋት ውስጥ ቆርቆሮውን አወጣች። ክዳኑ እንደ ልማዱ እምቢ አለ፤ ጥፍሯን አስገብታ ፈነቀለችው። የሲስተር ጠረጴዛ ላይ ገለበጠችው።

ቁልፍ ተንሿሿ። ጥቁሩ፣ ቡኒው፣ ወርቃማው። አንድ የካፖርት ቁልፍ ከጠረጴዛው ወድቆ እየተሽከረከረ አልጋው ሥር ገባ። ማንም አላነሳውም።

«ፍንጭት» አለች እናቷ። እንዲህ ቀስ ብላ ጠርታት አታውቅም።

ፍንጭት ቀና አላለችም። ቀና ካለች እንደማትችል ታውቃለች። ጥቁሩን ወደዚህ፣ ነጩን ወደዚያ እየገፋች ሮዞቹን ሲስተር ፊት ትደረድር ጀመር። አንዱ ያመልጣታል፣ መልሳ ትይዘዋለች። ሲስተር እያየች ነው።

ኮሪደሩ ላይ የእግር ኮቴ ይሰማል፤ ብዙ ሰው ነው፣ ጎማ ያለው ነገር እየገፉ ይመጣሉ።

«ነጭ ስትሰፋ ነው» አለች ፍንጭት። ድምፅዋ የራሷ አልመሰላትም። «ነጭ ስትሰፋ አትውጥም። ቬሎው ከመጣ ጀምሮ ነው። እኔ ያወቅሁት ከትናንት ወዲያ… አይ፣ ትናንት ነው።»

የመጨረሻውን አስቀምጣ እጇን ሰበሰበች።

ያኔ ከአልጋው በኩል አንድ እጅ መጣ። ሌባ ጣቱ ጫፍ ላይ ትንንሽ ጥቁር ነጥቦች ያሉበት። አንድ ትልቅ ቡኒ ቁልፍ አነሳና ከሥሩ የተደበቀች ሮዝ ክኒን ወደሌሎቹ ገፋት።

«አንድ ቀርቶሻል» አለች እናቷ።